የማዞር ዋጋ፦ ጎንደር ላይ የአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ጉዳይ

ታካሚዋ የ58 ዓመት ሴት ናቸው። አዘዞ ይኖራሉ፤ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ያስረክባሉ፤ በቀን 80፣ በሳምንት 6 ቀን። ስኳር የለባቸውም፤ ከወሊድ በቀር ሆስፒታል ተኝተው አያውቁም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው፤ የዓመቱን መዋጮ ከፍለው ደብተራቸው ታድሷል። መድኑን ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን። እሳቸውን ለይቶ ሊያሳውቅ የሚችል ሌላ ዝርዝር ትተናል።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሊጡን ለማየት ሊነሱ ወደ ቀኝ ጎናቸው ሲገላበጡ ቤቱ ዞረ። «አልጋው ከነእኔ የተገለበጠ መሰለኝ» ነው ያሉት። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጥቂት ቆይቶ ተዋቸው። ቀና ሲሉ እንደገና ዞረ፤ አስታወካቸው። ከዚያ ሌሊት አንስቶ የበሽታው ትክክለኛ ስም፣ የውስጠኛው ጆሮ ጠጠር፣ እስኪነገራቸው 11 ሳምንት አለፈ። ሕክምናው ራሱ ከ5 ደቂቃ አልበለጠም። በመካከሉ ገንዘቡ የት የት እንደገባ ነው ከዚህ በታች የምንቆጥረው።

በብር አንቆጥርም። የምርመራና የመድኃኒት ዋጋ እየወጣ ስለሚሄድ ዛሬ የምንጽፈው ቁጥር ለከርሞ አንባቢ የሚነግረው ነገር አይኖርም። በምርመራ፣ በምልልስ፣ በቀንና በእንጀራ እንቆጥራለን።

ከፋርማሲ እስከ ባሕር ዳር

የመጀመሪያው በር ሰፈር ያለ ፋርማሲ ነበር። ጎረቤት «ደም ግፊት ነው» ስላለች ግፊታቸውን ተለኩ፤ 160 በ95 ሆነ። ሴትዮዋ ገና ማስታወካቸው ነው፤ ደንግጠዋል፤ በእግራቸው መጥተው ሳያርፉ ነው የተለኩት። እንዲህ ባለ ሰዓት አንዴ የተለካ ግፊት በሽታ አይባልም፤ ግፊት አለ ለማለት አርፎ፣ ተቀምጦ፣ በተለያየ ቀን ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። እሳቸው ግን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የሽንት ኪኒንና «ለማዞሩ» ሲናሪዚን ይዘው ወጡ። የኪኒኑን ጣጣ ከታች እናየዋለን።

በአራተኛው ቀን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዱ። የሙሉ ደም ቆጠራ፣ የታይፎይድ ምርመራ ማለትም ዊዳል፣ የታይፈስ ምርመራ ማለትም ዌል ፌሊክስ፣ ሰገራ፣ ሽንት፣ የጨጓራ ባክቴሪያና ስኳር፣ በድምሩ 7 ምርመራ ታዘዘላቸው። ውጤቱ ብዙዎቻችን በየክሊኒኩ የምንሰማው ነው፦ «ታይፎይድም ታይፈስም ጀማምሮዎታል።» ትኩሳት ግን አልነበራቸውም። ዊዳል የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በሽታው በሚዘወተርበት አገር ከዓመታት በፊት የተያዘም፣ በሌላ ተዛማጅ ተዋሲያን የተነካካም ሰው «አለ» ሊባል ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉ ጸረ ተዋሲያን ለ10 ቀን ታዘዘላቸው፤ ከቢ ኮምፕሌክስ ጋር ግሉኮስ 3 ቀን በደም ሥር ተሰጣቸው።

ክፉው ነገር መሻላቸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ መሽከርከሩ ቀነሰ፤ ምስጋናውንም ጸረ ተዋሲያኑ ወሰደ። ይህ በሽታ ግን ያለ መድኃኒትም ይመጣል፣ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሰው ሳያውቀው ይሸሸዋል፤ ታካሚዋ ወደ ቀኝ መገላበጥ ትተዋል፣ ትራስ ደራርበው ቁጭ እንዳሉ ማደር ጀምረዋል። ገናን በልጃቸው እርዳታ እየተንገዳገዱም ቢሆን ጋገሩ። ከበዓሉ ማግስት ግን ከባልዲ ሊጥ ለመቅዳት ጎንበስ ብለው፣ አክምባሎውን ለማንሳት ቀና ሲሉ ዞረባቸው፤ ሚዛን ለመያዝ የዘረጉት ግራ እጅ የጋለው ምጣድ ላይ አረፈ። ቃጠሎው ትንሽ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ምጣዱን አጠፋው። ከዚያ በኋላ 9 ሳምንት አልጋገሩም። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ጥር 11 አለ። ጎንደር ላይ ጥምቀት ለእንጀራ ጋጋሪ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሰው አይነገርም፤ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በሕዝብ ሲሞላ የከተማው ምግብ ቤት ሁሉ የሚያስረክበው ሰው ይፈልጋል።

በአምስተኛው ሳምንት ሕመሙ አንገት ላይ ወጣ። ሰው ራሱን ላለማዞር አንገቱን እንደ ቀንበር አድርቆ ሲከርም ጡንቻው ይታመማል። ራጅ ተነሱ፤ «የአንገት አጥንት መጥበብ» ተባለ። በ58 ዓመት የማንም አንገት ራጅ ቢነሳ ተመሳሳይ ነገር መታየቱ ብርቅ አይደለም። ዳይክሎፍናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ተሰጣቸው፤ ይኸው መድኃኒት ግፊትን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል፣ የግፊት ኪኒን እየወሰዱ መሆናቸውን የጠየቀ አልነበረም።

በስድስተኛው ሳምንት 7 ቀን ጠበል ገቡ። ጠበሉ አይሸጥም፤ ወጪው ማረፊያው፣ ስንቁና አብራ የሰነበተችው ልጃቸው ናት። በወጪ ዝርዝራችን ውስጥ ይህ ከትንሾቹ አንዱ ነው፤ ለሐኪም ሳይናገሩ የሚደብቁት ግን ይህንኑ ነው፤ በመቆጣት የሚጠይቅ ባለሙያ ስለሚበዛ።

በስምንተኛው ሳምንት ወንድ ልጃቸው «ዕጢ ቢሆንስ» ብሎ ወደሚሠራበት ባሕር ዳር ወሰዳቸው። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው፣ 3 ቀን፣ 2 አዳር። የልብ ምት ምርመራ፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የስብ የደም ምርመራ፣ በመጨረሻም የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሡ። ዕጢ የለም። ነገር ግን ሪፖርቱ ላይ «ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች» ተጽፏል፤ በዕድሜ የሚመጡ፣ ከማዞሩ ጋር የማይገናኙ። ወረቀቱን ያነበበላቸው ሰው ግን «የአንጎል ደም ሥር ጠቧል» ብሎ ተረጎመላቸው። አስፕሪንና የደም ስብ የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን ተጨመረ፤ ከዚያን ጊዜ አንስቶ ሌሊት ሌሊት ስትሮክ ሲጠብቁ ያድሩ ጀመር። ውድ ምርመራ ያለ በቂ ጥያቄ ሲታዘዝ እንዲህ ነው፤ መልስ ባይሰጥም አዲስ ሥጋት ይወልዳል።

በ11ኛው ሳምንት፣ መጋቢት መግቢያ ላይ፣ ገንዘቡ አለቀ። ያን ጊዜ ነው የጤና መድኑ ደብተር ከሣጥን የወጣው። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ሪፈር ተጻፈላቸው፣ ሆስፒታል የጆሮ ክፍል ቀረቡ። ወደ ትክክለኛው በር ያደረሳቸው እውቀት ሳይሆን የኪስ መራቆት ነው።

አንድ ቃል፣ አራት በሽታ

በአማርኛ «ያዞረኛል» ያለ ሰው ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር እያወራ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዙሪያው እንደ እንዝርት የሚሾርበት ነው። ሌላው ከተቀመጠበት ሲነሣ ብዥ፣ ጨለም የሚልበት፤ ይህ የግፊት መውረድ፣ የደም ማነስ ወይም የፈሳሽ ማጠር ጠረን አለው። ሦስተኛው ሲራመድ የሚያንገዳግደው፣ ሲቀመጥ ግን ደህና የሚሆነው ነው፤ እዚህ ላይ እግርን፣ ነርቭንና አንጎልን ማየት ይገባል። አራተኛው ጭው የሚልበት፣ ልቡ ስልም የሚልበትና የሚጨነቀው ነው። ካርድ ላይ ግን አራቱም «ማዞር» ተብለው ይሰፍራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ሁሉ የዚያች ቃል ተከታይ ነው።

የቃሉ ዓይነት ብቻውን አይበቃም፤ ሕመምተኛ ዛሬ «ዞረ» ያለውን ነገ «ብዥ አለ» ሊለው ይችላል። የተሻለ የሚለየው ጊዜና ቀስቃሽ ነው። በሆስፒታሉ የመረመሯቸው ወጣት ሐኪም የጠየቁት ይህን ነበር፦ «እማማ፣ ሲጀምርዎ ምን እያደረጉ ነው? አንዴ ከመጣ ስንት ጊዜ ይቆያል? በመካከሉስ ደህና ነዎት?» መልሱ ግልጽ ነበር፤ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ሲገላበጡና ቀና ሲሉ፤ «አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም»፤ በመካከሉ ደህና። አቡነ ዘበሰማያት በዝግታ ቢደገም ደቂቃ አይሞላም። ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ፣ ራስን በማንቀሳቀስ ብቻ የሚቀሰቀስ መሽከርከር የውስጠኛው ጆሮ ጠጠር ምልክት ነው። የሜኒየር በሽታ ቢሆን ከ20 ደቂቃ እስከ ሰዓታት ይቆይ ነበር፤ የሚዛን ነርቭ ብግነት ቢሆን ለቀናት ሳያቋርጥ ይዞር ነበር።

ጠጠር የምንለው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ከረጢት ላይ ተጣብቆ መኖር የሚገባው ብናኝ ተነቅሎ ከሦስቱ ግማሽ ክብ ቦዮች ወደ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው፣ ይገባል። ራስ ሲንቀሳቀስ ብናኙ በፈሳሹ ውስጥ ይንከባለላል፤ አንጎል «እየዞርኩ ነው» የሚል የሐሰት መልእክት ይደርሰዋል። ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። ነገሩ የቦታ ጉዳይ ስለሆነ ኪኒን አያወጣውም፤ ኤምአርአይም ብናኙን አያየውም።

አልጋ፣ አንገትና ግማሽ ደቂቃ

ምርመራው ዲክስ ሆልፓይክ ይባላል፤ ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ በ1952 እ.ኤ.አ. የገለጹት ነው። ታካሚዋ አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ሲጋደሙ ራሳቸው ከአልጋው ጫፍ አልፎ ጥቂት፣ 20 ዲግሪ ያህል፣ ወደ ታች እንዲያዘነብል ቦታቸው ተስተካከለ። አንገታቸው 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዞረ፤ በዚያው እንዳለ ቶሎ ወደ ኋላ ተጋደሙ። «ዓይንዎን አይጨፍኑ፣ ግንባሬን ይዩ።» ለ5 ሰከንድ ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ እየነጠረ ወደ ቀኝ ጆሮ አቅጣጫ መሽከርከር ጀመረ፤ 20 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ደከመ፣ ቆመ። ያ መዘግየት፣ ያ የዓይን አቅጣጫና ያ መድከም አንድ ላይ ሲታዩ ምርመራው አለቀ። በግራ በኩል ሲደገም ምንም አልታየም።

እዚህ ቀላል የሚመስለው ነገር የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። በየምርመራ ክፍሉ ያለው አልጋ ብዙ ጊዜ ራስጌው ግድግዳ ላይ የተጠጋ ነው፤ ራስ ተንጠልጥሎ የሚወርድበት ክፍተት የለም። ጋቢ አጥፎ ከትከሻ ሥር ማስገባት ይበቃል። ቀስ አድርጎ ማጋደም ብናኙን ሳያንቀሳቅሰው ሊቀር ይችላል። ሕመምተኛው በድንጋጤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይን ካልታየ ደግሞ ምርመራው የለም። 10 ሰከንድ ጠብቆ «ምንም የለም» ብሎ ማንሳትም ስሕተት ነው፤ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቃል። ሲናሪዚንና መሰሎቹም የዓይኑን እንቅስቃሴ ሊያደበዝዙ ይችላሉ። አንገቱ ከባድ ጉዳት ያለበትን ሰው ግን እንዲህ አድርጎ መጣል አይገባም።

ሕክምናው ከዚያው ቀጠለ። ጆን ኤፕሊ የተባለው የኦሪገን ሐኪም በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው። ራሳቸው ወደ ቀኝ እንደዞረ መሽከርከሩ እስኪቆምና ከዚያም ትንሽ እስኪቆይ፣ በጠቅላላው ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጠበቀ። ቀና ሳይል 90 ዲግሪ ወደ ግራ ዞረ፤ እንደገና አንድ ደቂቃ። ከዚያ መላ ሰውነታቸው በግራ ጎን ተገልብጦ አፍንጫቸው ወደ ወለሉ እስኪያይ ተጨማሪ 90 ዲግሪ ዞሩ፤ አንድ ደቂቃ። በመጨረሻ አገጫቸውን ወደ ደረት አስጠግተው በጎን ተነሥተው ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ትከሻቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ብናኙ ወደ ቦታው ሲወድቅ ሰው ድንገት ሊገፈተር ይችላል። በየእርምጃው መካከል ራስን ቀና ማድረግ ሙሉውን ሥራ ያበላሻል። አልፎ አልፎ ብናኙ ወደ አግድሙ ቦይ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ መሽከርከሩ ይብሳል፤ መፍትሔውም ለዚያ ቦይ የሚሆን ሌላ የመገልበጥ ዘዴ ነው እንጂ ኤምአርአይ አይደለም።

በሳምንቱ ተመልሰው በቀኝ በኩል ትንሽ ቀርቶ ስለነበር ኤፕሊው ተደገመ። ከዚያ በኋላ ምርመራው ንጹሕ ሆነ። ከሕክምናው በኋላ «ለሁለት ቀን ቁጭ ብለህ እደር» የሚለው የቆየ ምክር አልተሰጣቸውም፤ የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ያደሰው መመሪያ አያስፈልግም ይላል። ይኸው መመሪያ ሌላ ምልክት ለሌለው ሕመምተኛ ኤምአርአይና ሲቲ ማዘዝን፣ የማዞር ማስታገሻ ኪኒንንም እንደ መደበኛ ሕክምና መስጠትን ይቃወማል።

ነገር ግን ሁለተኛ ማዞር ነበራቸው፤ ሲነሡ ብዥ የሚል። ተጋድመው 128 በ78 የነበረው ግፊት፣ ቆመው 3 ደቂቃ ሲሞላ 104 በ70 ሆነ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሲቆሙ የሚወርድ ግፊት ነው ይባላል፤ የእሳቸው የላይኛው 24 ወርዷል። ምክንያቱ ያ የመጀመሪያው ቀን የሽንት ኪኒን ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ እስከ 9 ሰዓት ውኃም ሳይቀምሱ ሲውሉ ኪኒኑ ያለውን ፈሳሽ ያወጣው ነበር። ኪኒኑ ቆመ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ3 የተለያየ ቀን ሲለካ ግፊታቸው ያለ መድኃኒት ደህና ነበር። የመጀመሪያውን ማዞር ለማከም የተገዛ መድኃኒት ሁለተኛውን ማዞር ፈጥሮ ነበር ማለት ነው። ሲናሪዚኑም ተቋረጠ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲወስደው እጅ መንቀጥቀጥና ሰውነት መገተር ሊያመጣ ይችላል።

ሒሳቡ

ከመጋቢት በፊት 13 ምርመራ ተሠርቷል፦ ክሊኒክ 7፣ የአንገት ራጅ 1፣ ባሕር ዳር 5። ከ13ቱ ይህን በሽታ ማሳየት የሚችል አንድም አልነበረም። መድኃኒቱ 9 ዓይነት ነው፤ አንዱም ብናኙን አያንቀሳቅስም። በከተማው ውስጥ 6 ምልልስ፣ ከከተማው ውጪ አንድ ጉዞ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው 14 ቀን ከትምህርት ቀርታለች።

ትልቁ ወጪ ግን ደረሰኝ የለውም። 9 ሳምንት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 80፤ 4,320 እንጀራ። በዚህ ላይ ከሦስቱ ቋሚ ተረካቢ ምግብ ቤቶች ሁለቱ ሌላ ጋጋሪ ያዙ፤ ደንበኛ እንደ ብናኙ በ5 ደቂቃ ወደ ቦታው አይመለስም። ገንዘቡ የመጣው በቅደም ተከተል ከቁጠባ፣ ከወርቅ ጉትቻ ሽያጭ፣ ኪሣራ ተቀብሎ ተራ ቀይሮ ከወጣ እቁብ፣ በመጨረሻም ከወንድም ብድር ነው። የኤምአርአዩ ቀን የወጣው የእቁቡ ገንዘብ ነው።

መድኑስ? ከፋርማሲው እስከ ባሕር ዳር አንድም ሳንቲም አልሸፈነም፤ ሊሸፍንም አይችልም። አባል አገልግሎቱን የሚያገኘው ውል ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ሲሄድ ነው፤ ሰንሰለቱን የዘለለ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ መድኑ የሸፈነው ርካሹን ብቻ ሆነ፤ ካርዱንና ሁለት የሆስፒታል ቀጠሮ። ሰዎች ጤና ጣቢያን የሚዘሉት ወረፋውንና የመድኃኒት እጦቱን ስለሚያውቁ ነው፤ ለዚህ በሽታ ግን መድኃኒትም ላቦራቶሪም አያስፈልግም ነበር። አልጋ ያለው፣ ዓይን የሚያይ ጤና መኮንን ይበቃ ነበር። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ ጤና መኮንን ያሠለጠነች ከተማ ናት፤ ዲክስ ሆልፓይክን በአንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ማስተማር ይቻላል።

ይህ ማለት ውድ ምርመራ ሁልጊዜ ብክነት ነው ማለት አይደለም። ማዞሩ ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ሰውየው ሳይደገፍ መቆም ካቃተው፣ ንግግር ከተንተባተበ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ወይም እጅ እግር ከደነዘዘ፣ ድንገተኛና ብርቱ የራስ ወይም የአንገት ሕመም ከመጣ፣ ወይም አንድ ጆሮ በድንገት ከደነቆረ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ያኔም ቢሆን ሲቲ ስካን ብቻውን አያስተማምንም፤ በኋለኛው የአንጎል ክፍል የተነሣን ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ስትሬፕቶማይሲን ወይም ጀንታማይሲን ወስዶ መንገዳገድ የጀመረ ሰውም የራሱ መንገድ አለው፤ እነዚህ መርፌዎች የሚዛንን ሕዋስ ሊያበላሹ ስለሚችሉ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

በሽታው ሊመለስ እንደሚችል ሲነገራቸው ሐኪሙ በእጃቸው አንድ መሥመር ጽፈው ሰጧቸው፦ «የቀኝ ጆሮ፣ ኋለኛ ቦይ፣ በኤፕሊ 2 ጊዜ ድኗል።» ወረቀቱን የመድኑ ደብተር ሽፋን ውስጥ አስገቡት። በሐምሌ ተመለሰ፤ በቀኝ ሲገላበጡ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል። በዚያው ጠዋት ወረቀቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ጤና መኮንኑ አንብቦ አልጋውን ከግድግዳው ሳበ። የዚያ ቀን ወጪ፦ ምርመራ 0፣ መድኃኒት 0፣ ባጃጅ ደርሶ መልስ፣ ያልተጋገረ እንጀራ 40።